የተከደኑት ሳህኖች

በሩ ተፈልቅቋል። ማሞቂያ ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የላቦራቶሪውን ክፍል የበረኪና ሽታ አፍኖታል።

መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የዓይን ሐኪሙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ተሰረቀ?»

«ምንም። ገደሏቸው እንጂ።»

«እነማንን?»

ሐኪሙ ትንንሾቹን ሳህኖች አሳየው። ውስጣቸው የነበረው ከሁለት በሽተኞች ክንድ ቆዳ ተቆንጥሮ፣ የትኛውንም አካል መሆን ወደሚችል ግንደ ህዋስ ተመልሶ፣ ከዚያ የዓይን ህዋስ እንዲሆን ለወራት ያደገ ነበር። የሁለቱም እይታ ከመሃል እየተበላ ነው። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኝ ዓይኗ ላይ ህዋሱ በቅርቡ ተተክሎ ግራው ተራ ይጠብቃል። ሌላው ሹፌር ነው፤ ገና አልተነካም።

«የሚዝትባችሁ ሰው አለ?»

«ያባረርነው ዘበኛ። አሳያችኋለሁ ብሎ ነበር።»

ዘበኛው ሲገኝ ሳቀ።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እናንተው ዘንድ ነዋ! ጠጥቶ ረበሸ ብላችሁ አሳደራችሁኝ አይደል? ብርድ ልብስ የነፈገኝ ያንተው ፖሊስ ነው።»

እውነቱን ነበር።

ኢንስፔክተሩ ወደ ሳህኖቹ ተመለሰ። እያንዳንዱ ውስጥ በረኪና ፈስሷል። እያንዳንዱም ተመልሶ ተከድኗል።

ሊያጠፋ የመጣ ሰው አይከድንም። እጁ ካልለመደ በቀር። እዚያ ቤት እጁ እንዲህ የለመደ አንድ ሰው ነው፤ ህዋሶቹን የሚያሳድገው ባለሙያ። ግን ለወራት ያሳደገውን ለምን ይገድላል?

ልብስ ሰፊዋ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ህዋሱ የተተከለበት ዓይኗ ቀልቶ አብጧል። ልጇ እጇን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ኢንፌክሽን ነው ይላሉ። መድኃኒቱ ግን ምንም አልፈየደላትም።»

ኢንስፔክተሩ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዘው።

«ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም?»

«የሌላ ሰው ህዋስ ቢሆን ሰውነቷ እየተዋጋው ነው እል ነበር። ግን የራሷ ነው። ለማረጋገጥ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ዛሬ ላስመረምር ነበር፤ ይኸው።»

«እንደሚመረመር ማን ያውቅ ነበር?»

«የነገርኩት ለባለሙያው ብቻ ነው» አለ ሐኪሙ።

ባለሙያውን ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ አገኙት።

«ሳህኖቹን የከደንካቸው አንተ ነህ» አለው ኢንስፔክተሩ።

ባለሙያው ፊቱን አዞረ።

«የሴትዮዋ ዓይን እየጠፋ ነው። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር የሚሰጧት የማይሆን መድኃኒት ነው።»

ሰውየው እጆቹን አየ።

«የአንዱን በሽተኛ ሳህን ሳይዘጉ የሌላውን መክፈት ክልክል ነው። ቸኮልኩ። የሁለቱን አንድ ላይ ከፈትኩ። ቁጥሩን የምጽፈው ክዳኑ ላይ ነበር፤ ክዳኖቹ ተቀያየሩብኝ። የገባኝ ዓይኗ ሲቀላ ነው። ምርመራው ሊያጋልጠኝ ሆነ። ከሙያዬ ይነቅሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«በሩንስ?»

«ሌባ እንዲመስል።»

ሐኪሙ እየሮጠ ወጣ። ሰውነቷ የሹፌሩን ህዋስ እንዳይዋጋ መድኃኒቱ ተቀየረ። ግን ዘግይቷል። በማግስቱ ቀኝ ዓይኗ ብርሃን እንኳ አይለይም ነበር።

ልጅቷ ኢንስፔክተሩን በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ የገባላት የሹፌሩ ከሆነ፣ የእናቴ የት ነበር?»

«በሹፌሩ ክዳን ሥር።»

«ደህና ነበር?»

«ያ ሰው በረኪናውን እስኪያፈስበት ድረስ ደህና ነበር።»

«ለግራ ዓይኗ ይሆን ነበር?»

«ይሆን ነበር፣ ልጄ። ከቆዳዋ እንደገና ይወስዳሉ። ወራት ይፈጃል።»

ልጅቷ ወደ ክፍሉ ዞረች። እናቷ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ በግራ ዓይኗ ጥግ የልጇን ፊት ትፈልጋለች።

«ግራ ዓይኗ ወራት አይቆይላትም ብለውናል» አለች ልጅቷ።