በፒያኖው ምሽት የተዘቀዘቀ ነጠላ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ስውል ስንቱን ሰምቻለሁ መሰላችሁ፣ አንዱ መቃብር አጠገብ ሞተሩ ቀጥ ብሎበት፣ ሌላው መንገድ ላይ ያሳፈራት ሴት ከኋላ ወንበር ጠፍታበት፣ እኔ ግን «እስቲ ባትሪህን አሳየኝ» ከማለት አልፌ አላውቅም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ፒያኖ ያስተምራል። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በዚህ የተነሳ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን ለመድረክ ሲያዘጋጅ ኖረ እንጂ ራሱ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ ካዛንቺስ ያለ አንድ አዳራሽ ብቻውን እንዲጫወት ጋበዘው። እሱም የአሜሪካ ሙዚቃ ደራሲዎችን መረጠ፣ «አሜሪካ ማለት አንድ ዓይነት ሰው አይደለም» እያለ፣ አንዷ የባሪያዎች የልጅ ልጅ የሆነች ጥቁር ሴት፣ አንዱ ወላጆቹ ከቻይና የመጡ፣ አንዱ የሜክሲኮ ዘር ያለበት፣ አንዱ ደግሞ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚያው ከነበረው ሕዝብ ወገን። እኔ የአሜሪካ ሙዚቃ ሲባል ታክሲ ውስጥ ከሚጮኸው ሌላ አላውቅም፣ እሱ ግን «አጠገቤ ሆነህ ወረቀቱን ግለጥልኝ፣ አንተ ከሌለህ አልችልም» ብሎ ለመነኝ። ኖታ አላነብም፣ በአገጩ ሲጠቁመኝ ተነስቼ እገልጣለሁ፣ በቃ፣ ይቺኑ ስንለማመድ ሰነበትን።

የሰፈራችን የእድር ሴቶች አንድም ሳይቀሩ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ባለጥለት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የፊተኛውን ረድፍ ሞሉት፣ መሃላቸው እትዬ ጥሩወርቅ። እትዬ ጥሩወርቅ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፣ እናታችን ስትሞት ሙሾውን ያወረዱት እሳቸው ነበሩ፣ በእኛ ሰፈር እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። «ዛሬስ ለደስታ ጠራችሁኝ» ብለው ገና በር ላይ ሁለታችንንም አገላብጠው ሳሙን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙዚቃዎች ደህና አለፉ፣ እንዲያውም እትዬ ጥሩወርቅ ገና ሳያልቅ እልል ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ የዮናስም እጅ መንቀጥቀጡን ተወ። ሦስተኛው የጥቁሯ ሴት ነበር፣ ቀስ ያለ፣ አያቶቿ ይዘምሩት ከነበረው የተነሳ ነው ብሎኛል። ጀመር እንዳደረገ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፒያኖው ፔዳል ነው አልኩ፣ የጋራዥ ሰው ነኝና ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ምንም የሚንኳኳ ነገር የለም። ጄኔሬተሩም ጓሮ ነው፣ ደግሞም እንዲህ አይመታም።

ዮናስ በአገጩ ጠቆመኝ፣ ተነስቼ ገለጥኩ። ስቆም የፊተኛው ረድፍ ይታየኛል፣ ጥግ ላይ ያሉ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጥቷል፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። በርዷቸው ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። እንደገና ስነሳ ግማሾቹ አዘቅዝቀዋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ስነሳ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ረድፉ በሙሉ። ያ ድም ድም ከየት እንደሚመጣም ያኔ ገባኝ፣ ደረታቸውን እየደቁ ነው፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉም እኩል፣ በሙዚቃው ምት። የእትዬ ጥሩወርቅ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ሙሾ ሲያወርዱ አውቃቸዋለሁ፣ የሟቹ ስም ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ጎን ሰበር ያደርጋሉ፣ ያንን ደጋግመው አደረጉት። ከኋላቸው ያለው ሰው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ፕሮግራሙን ያገላብጣል።

ለወንድሜ ነው የሚያለቅሱት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ዓይናቸው እሱ ላይ ተተክሏል። ላስቆመው ብዬ እጄን ወደ ትከሻው ዘረጋሁ፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ የፈራውን ነገር እየተሻገረ ነው፣ በምን አፌ አቋርጠዋለሁ? እጄን መለስኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላልኩም፣ እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ ገለጥኩለት፣ በሆዴም አይሙትብኝ፣ አይሙትብኝ እያልኩ ለመንኩ።

ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀና ስል ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ነጠላ እያስተካከሉ ነው፣ «ኧረ ምን ነካን?» ይባባላሉ፣ አንዷ በእፍረት አፏን ይዛ ትስቃለች። የቀረውን እንዴት እንዳለፍኩት አላስታውስም።

ደጅ ላይ ዮናስን ሰው ከቦ ያቅፈዋል። እትዬ ጥሩወርቅ እኔን ሲያዩ መጥተው ክንዴን ያዙ፣ በግ እንደሚገዛ ሰው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት።

«ሄኖኬ፣ የት ሄደህ ነው የመጣኸው?»

«የትም አልሄድኩም እትዬ፣ እዚያው ነበርኩ።»

«ኧረ ባክህ! በዚያች በቀስታ በተጫወታት ላይ ልጁ ብቻውን ነበር። ወረቀቱን ራሱ ሲገልጥ አንጀቴን በላው።»

«አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ! እርስዎስ ነጠላዎን ለምን አዘቀዘቁ?»

ክንዴን ለቀቁና መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ከዮናስ ጋር ኮንትራት ታክሲ ይዘን በባምቢስ በኩል ወደ ቤት ስንሄድ መስኮቱን እያየ፣ «ሦስተኛው ላይ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አለኝ። «ዞር ስል የለህም። በግራ እጄ እየገለጥኩ ነው የጨረስኩት።» ብምል ብገዘት አላመነኝም። «በቃ፣ አታስብ፣ ብቻዬንም እንደምችል አየሁ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ፣ ማጽናናቱ ነው የባሰ ያሳመመኝ። ወንድሜ ደህና ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል፣ ግን ለቅሶው ለእሱ ካልነበረ... ጨርሼ ማሰብ አቃተኝ።

ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ሐኪም ጋ ሄጄም ምንም የለብህም ተብያለሁ። ሰሞኑን ዮናስ እንደገና ሊጫወት ነው፣ ወረቀት ግለጥልኝ አላለኝም፣ ሴቶቹን ጥራልኝ ብቻ አለኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙኝ፣ ግባ እንኳ አላሉኝም፣ ከዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

«ለዮናስ ከሆነ እመጣለሁ» አሉ። «አንተ ግን እዚያ ፒያኖ አጠገብ እንዳትቆም።»

«ለምን እትዬ?»

«ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አላለቅስማ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እስካሁን ተመልሼ አላንኳኳሁም።