ሁለተኛው ረድፍ

በትንሽ ነገር የተነገረ ሐሰት ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ገና ወደ ብርሃን ያልወጣውን እንኳ ደርሶ ያበላሻል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ደራርቱ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ከማጣሪያው ቧንቧ ሥር ቆማ ነበር። ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው ውሃ የሚቀዳው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለቤታቸው ቅርብ የሆነው የጉድጓድ ውሃ ቦኖ ሲሆን፣ ሌላው ከአስፋልቱ ማዶ ያለው፣ ሰልፍ የማይጠፋበት ማጣሪያ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጥርስ ያበልዛል። የደራርቱም ጥርስ ማጣሪያው ከመሠራቱ በፊት በልዟል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ስለዚህ ነው። እናቷ ትንሹ ወንድሟ ጋዲሳ እንደ እርሷ እንዳይሆን ብለው የሚጠጣው ውሃ ከማጣሪያው ብቻ እንዲቀዳ አዘዋት ነበር።

ደራርቱ ግን ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ጀሪካኗን ከቅርቡ ቦኖ እየሞላች፣ በተረፋት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር መረብ ኳስ ትጫወት ነበር። እናቷ ሲጠይቋት «ከማጣሪያው ነው፣ አዮ» ትላለች። ልቧ በከበዳት ቁጥር የአራት ዓመቱን ጋዲሳን ታስቀዋለች፤ ጥርሶቹ እንደ ወተት ነጭ መሆናቸውን አይታም ትጽናናለች።

በዚያ ጠዋት ወደ ማጣሪያው ያመጣት ሌላ ጉዳይ ነበር። በአዳማ ካለው የማስተማሪያ ሆስፒታል ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚመጡ እጩ ሐኪሞች፣ ተማሪው ሁሉ በቤቱ የሚጠጣውን ውሃ በሃይላንድ ይዞ እንዲመጣ አሳስበዋል።

ጓደኛዋ ሶረቲ በዚያ ስታልፍ አየቻትና ቆመች።

«አንቺና ማጣሪያ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሼም ውስጥ እንዳልገባ ነው። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ነቄ ነኝ» አለች ሶረቲ፤ እየሳቀችም መንገዷን ቀጠለች።

በክፍል ውስጥ ሰብለወንጌል የተባለች የመጨረሻ ዓመት እጩ ሐኪም ተማሪዎቹ ያመጡትን ውሃ በብርጭቆ በብርጭቆ እየቀዳች በጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሁሉም የጠራ ነበር፤ አንዱን ከሌላው መለየት የሚችል ዓይን አልነበረም። ከዚያም ፍሎራይድ ስለሚባለው ንጥረ ነገር አስረዳች። ይህ ነገር ከምድር ውስጥ ወደ ውሃው እንደሚገባ፣ ሲበዛ ጥርስን እንደሚያበልዝና አጥንትን እንደሚጎዳ፣ ውሃው ቢፈላም እንደማይጠፋ ገለጸች። በየብርጭቆውም ቀይ ፈሳሽ ጨመረች። በጥቂቶቹ ቀዩ እንደ ነበረ ጸና፤ ፍሎራይድ በበዛባቸው በሌሎቹ ግን ማንም ሳይነካው እየሳሳ፣ እየገረጣ ሄደ። የማይታየው ነገር በዓይናቸው ፊት ራሱን ገለጠ።

«የእኛ ቤት ውሃ ሐኪም ሲያይ ፈርቶ ነው የገረጣው» አለ ጀቤሳ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሰብለወንጌልም ሳቀች፤ ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ወደ ወላጆቹ ይዟት እንዲሄድ ነገረችው።

የደራርቱ ብርጭቆ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ቀረ። ቤተሰቧ ለሌላው ምሳሌ እንደሚሆን ተነገረ፤ እርሷም ወደ አዳማ ተወስዳ የሆስፒታሉን ላቦራቶሪ እንድታይ፣ ከዚያም ከእጩ ሐኪሞቹ ጋር የመንደሩን ሰው እንድታስተምር ተመረጠች። ተማሪው አጨበጨበ። ደራርቱ አፏን ሸፍና ፈገግ አለች።

በመጨረሻ ሰብለወንጌል አንድ የራጅ ፊልም አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። የአራት ዓመት ሕፃን መንጋጋ ነበር። የወተት ጥርሶቹ ተደርድረው ይታያሉ። ከእነርሱ ሥር ግን፣ በአጥንቱ ውስጥ፣ ሌላ ረድፍ ነበረ፤ ትልልቅ፣ ሥር ያላበጁ፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉ ጥርሶች ተሰውረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እነዚህን እናቱም አላየቻቸውም» አለች ሰብለወንጌል ዝግ ብላ። «የላይኞቹ ነጭ ናቸው ብላችሁ አትታለሉ። ሥር ያሉት ዛሬ እየተሠሩ ነው፤ ዛሬ የሚጠጣውም ውሃ አብሮ ይገባባቸዋል። ከበለዙ በኋላ መፋቂያም ሳሙናም አይመልሳቸውም።»

ደራርቱ ሳታውቀው ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ቀርባ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር አስባ አታውቅም። በየማለዳው ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ የሚጠጣው ጋዲሳ፣ ሲስቅ ከምታየው ጥርስ ሥር ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነበር።

«ውሃው ከዛሬ ጀምሮ ቢቀየርስ፣ ዶክተር?» አለች። «ይተርፋል?»

«ገና ያልተሠራው ይተርፋል።»

ደራርቱ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ከቦርሳዋ ሌላ ሃይላንድ አወጣች፤ ለራሷ የምትጠጣውን ከቤት ጀሪካን የቀዳችበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቤታችን የሚጠጣው ይሄ ነው። ያኛውን ለዛሬ ብዬ ነው የቀዳሁት። ወንድሜ አራት ዓመቱ ነው።»

ሰብለወንጌል ከውሃው በብርጭቆ ቀድታ ቀዩን ፈሳሽ ጨመረችበት። ቀለሙ ገረጣ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

የሳይንስ መምህሩ ጫምሳ፣ ሐሰተኛ ውሃ ያቀረበ ተማሪ ሌላውን ሊያስተምር እንደማይላክ አስታወቁ፤ ቦታዋም ለክፍል ጓደኛዋ ለቢሊሴ ተሰጠ። ማታ ደራርቱ ለእናቷ ሁሉንም ነገረች። እናቷ አልተቆጡም። ጀሪካኑን አንሥተው ውሃውን ደጃፍ ላይ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፉት፤ ባዶውንም በእጇ ሰጧት።

በጉዞው ቀን የሆስፒታሉ መኪና ቢሊሴን ጭኖ በአስፋልቱ ወደ አዳማ አለፈ። በቅርቡ ቦኖ ወረፋ የሚጠብቅ አንድም ሰው አልነበረም። ደራርቱ ከማጣሪያው ሰልፍ መጨረሻ ቆማ፣ ጀሪካኗን በእግሯ ትንሽ ወደ ፊት ገፋችው። የልምምዱ ሰዓት በሰልፍ ላይ ስለሚያልፍባት፣ ከመረብ ኳስ ቡድኑም በዚያው ሳምንት ስሟ ተሠረዘ።