አስካለን የሚያዩት አራቱ ዓሦች

ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፣ እኔ ያኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጉልበቴ እንዳሁኑ አልደከመም፣ ዓይኔም ክር በመርፌ ባያስገባ በግ ከበግ ይለይ ነበር፣ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ጃጅቶ ያየው ነው እንዳትለኝ ነው። ደግሞ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሞላሌ ገበያ ውዬ ሲመሽብኝ በመቃብር አጥር ሥር ስንት ጊዜ ብቻዬን አልፌያለሁ፣ ያገኘኝ ነገር ቢኖር ጅብ ነው፣ ጅብ ደግሞ ጅብ ነው። ሰው መጥቶ ጥላ አየሁ፣ ስሜን ጠራኝ ሲለኝ ስንት ጣሳ ጠላ ጠጥተህ ነበር ብዬ ነበር የምመልስለት። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው፣ ዳዊቱን ሳልጨርስ እርሻ ጠራኝ፣ እና አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሠኝ፣ የምጽፈው ግን ያየሁትን ብቻ ነው።

ባለቤቴ አስካለ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኝታለች። አንድ ቀን ገብስ ስታነፍስ ግራ ጎኗ ከዳትና ሰፌዱን ይዛ ወደቀች፣ ሐኪም ቤት ወስደናት እቤቷ ትረፍ ብለው መለሱን፣ ከዚያ በኋላ ማጠቡም ማገላበጡም ማጉረሱም የኔ ሆነ። ድካም ስልህ የእርሻ ድካም እንዳይመስልህ፣ የእርሻ ድካም ሲተኙበት ይለቃል፣ ይሄኛው ጠዋት አብሮህ ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታዋ ነበር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፣ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ከወሰደች አፏ ግጥም ነው።

ልጃችን ደምሴ አዲስ አበባ መስተዋት ቤት ነው የሚሠራው፣ የመስኮት መስተዋት ይቆርጣል፣ የሀብታም ቤት የዓሣ ሣጥንም ይሠራል። ሰኔ ላይ አንዱን ሣጥን በሱፍ ብርድ ልብስ፣ በባና ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በአውቶቡስ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ መጣ፣ ካፖርቱ ውስጥ ደግሞ ውኃ የሞላ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ አራት ዓሦች። የወርቅ ዓሣ ይባላሉ አለኝ፣ እንደ ወንዝ ዓሣ ቀጭን አይደሉም፣ ሆዳቸው እንቁላል ያህላል፣ ጅራታቸው ሁለት ሆኖ እንደ ነጠላ ጫፍ ይንሳፈፋል፣ ሦስቱ ቀያይ ናቸው፣ አራተኛዋ ጥቁር ሆና ዓይኖቿ እንደ ባቄላ ከጭንቅላቷ ወጥተዋል። እናቴ የምታየው ነገር ይኑራት ብዬ ነው አለ። እኔ ተናደድኩ።

«አንዲት በሽተኛ መች አነሰኝና ነው አራት የጨመርክልኝ?» አልኩት።

«አባባ፣ እነዚህ አይገላበጡም፣ አይታጠቡም፣ ብቻ አያጥግቧቸው» አለኝ።

ብቻ ያለው ግን ብዙ ነበር። የምንጩ ውኃ በጀሪካን መጥቶ ሁለት ቀን መክረም አለበት፣ ዓሦቹ ከነፌስታላቸው ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ቅዝቃዜውን ሳይለምዱ አይለቀቁም፣ ውኃው በሳምንት ሲሶው ይቀየራል እንጂ ሁሉም በአንዴ አይደፋም፣ ሳሙና አይነካውም። መብራት ስለሌለን አየር የሚነፋ ሞተር የለም፣ ስለዚህ ውኃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ አለብኝ፣ በቀን አራት ጊዜ። እሱ ካመጣው ምግባቸው በቀን አንድ ቁንጥር፣ እሱ ሲያልቅ አተር ቀቅሎ፣ ልጦ፣ አድቅቆ። ብርዱስ ብለው፣ የመንዝ ብርድ እንዲያውም ይስማማቸዋል አለኝ፣ እኛን ሳይስማማን እነሱን ተስማማቸው።

ሣጥኑን ከአልጋዋ ፊት ለፊት መደቡ ላይ አስቀመጥነው፣ ከሥሩ የወንዝ ጠጠር አነጠፍንለት። ጎረቤቴ ዘነበ መጥቶ ዙሪያውን አየና እነዚህ የሚታረዱት ለመቼ ነው፣ ለመስቀል ይደርሳሉ ወይ ብሎ ሳቀብኝ፣ አይበሉም ስለው ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ የምትሸከመው ለማን ነው አለኝ።

መልሱን አስካለ ሰጠች። በሳምንቱ ፊቷን ከግድግዳው አዞረች። ዓሦቹ ጠጠሩን በአፋቸው እያነሱ መልሰው ሲተፉት መስተዋቱን እየመታ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ያን ስትሰማ አንገቷን ታቀናለች። ጠዋት አተሩን ስበትንላቸው እነሱ ሲበሉ እሷም ትጎርሳለች፣ ሦስቱ ማንኪያ አሥር ሆነ፣ አሥሩ አንድ ጣሳ ሆነ፣ ጉንጯ ሞላ። እነሱ ካልበሉ ግን አትቀምስም፣ እንደ ማዕድ ጓደኛ ነው የቆጠረቻቸው። እኔም ማጉረምረሜን ትቼ ውኃዬን ተሸከምኩ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ፍልሰታ ገባ። በኔ ቤት ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሰው በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም፣ አባቴም እንዲህ ነበር፣ እኔም እንዲህ ነኝ። አስካለን የንስሐ አባታችን በሕመሟ ፈቅደውላታል። ዓሦቹን ግን ማን ፈቀደላቸው? በዚህ ቤት ጾም የሚሽር የለም ብዬ ምግባቸውን ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት።

አስካለ ሰማችና ከንፈሯ በአንድ ጎን ተነሣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሳቋ ነበር።

«አንቱ፣ ኃጢአታቸው ምን ሆኖ ነው የሚያስጾሟቸው?» አለችኝ።

ሳቋ ደስ አለኝና ሌላውን አላየሁም። እነሱ እስከ ዘጠኝ ሲጾሙ እሷም እስከ ዘጠኝ መጾሟ ነው፣ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ደክማ መዋጥ ያቅታታል። ይህን አጥቼው አይደለም፣ እልኼ ነው፣ ነገ ትለምዳለች፣ ነገ ትለምዳለች እያልኩ ቀናት አለፉ። በስምንተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ሊጠይቋት መጡና አጥንቷን አዩ፣ ትንፋሿ አጥሯል፣ ምነው ምግብ እምቢ አልሽ ቢሏት ዓሦቹ ሳይበሉ አልበላም አለች። ወደኔ ዞሩ።

«ሕፃን አይጾምም፣ በሽተኛ አይጾምም፣ ዓሣ ያስጾመ ሰው ግን ካንተ በቀር አልሰማሁም» አሉኝ። ቀስ ብለው ደግሞ በሩ ላይ፣ ልጅህን አስጠራው አሉኝ።

በማለዳው አተሩን በተንኩ። ዓሦቹ አልበሉም። እሷም አልበላችም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው። ጉሙ ከቀትር ጀምሮ በበሩ እየገባ ስለነበር ከሰዓት በኋላውን ኩራዝ አብርቼ ተቀምጫለሁ፣ ያስጠራሁት ደምሴ ገና መንገድ ላይ ነው። ጠጠሩ ጠቅ ማለቱን እንዳቆመ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ቀና ብዬ አየሁ። አራቱም በአንድ መስመር፣ ክንፋቸው ሳይነቃነቅ፣ ፊታቸውን ወደ አልጋው አድርገው ቆመዋል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አራቱም እኩል። አየር አጥሯቸው ይሆናል አልኩ፣ ግን ደምሴ አየር ያጠረው ዓሣ ወደ ላይ ይወጣል ብሎኛል፣ እነዚህ መሐል ላይ ናቸው። ጣሳዬን አንሥቼ አሥር ጊዜ ውኃውን ቀድቼ አፈሰስኩ፣ ማዕበሉ በተናቸው፣ ተመልሰው ተሰለፉ። አተር በጀርባቸው በኩል ጣልኩ፣ አልዞሩም። ጋቢዬን አውልቄ መስተዋቱን ሸፈንኩት፣ ትንሽ ቆይቼ ገለጥኩት፣ እንዳሉ ናቸው።

ያን ጊዜ ነው ወደ አስካለ ያየሁት። የለበሰችው ባና ደረቷ ላይ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። ከፍ ሲል አፋቸው ይከፈታል፣ ሲወርድ ይዘጋል። እመነኝ፣ እንዳይመስለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ካንዱ ወደ ሌላው አየሁ፣ እሷ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እነሱም ይጠብቃሉ።

«አይረብሿቸው» አለች አስካለ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እየቆጠሩ ነው።»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ትንሽ ነው የቀራቸው።»

መቀመጫ ዱካዬን ስቤ በበሩ በኩል ተቀመጥኩ። የተናገርኩትን ለምን እንደተናገርኩት ዛሬም አላውቅም፣ ንዴት ነው መሰለኝ፣ ድካሙም አለበት፣ ጸሎት ግን አልነበረም፣ ለውሻ እንደሚናገሩት ዓይነት ነው።

«እንግዲያው እኔንም ቁጠሩኝ፣ እኔም ደክሞኛል» አልኩ።

መጀመሪያ ጥቁሯ ዞረች። ከዚያ ሦስቱ፣ አንድ በአንድ። ያ የባቄላ ዓይኗ ወደ በሩ፣ ወደኔ። ኩራዙን አይተው ነው ብዬ ኩራዙን ጓዳ አስቀምጬ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ወደኔ እንጂ ወደ ጓዳው አልዞሩም። ተነሥቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ፣ ወደ ምድጃው ዞሩ። ወደ በሩ ተመለስኩ፣ ወደ በሩ ዞሩ። አፋቸው ከማን ጋር እንደሚከፈት ላውቅ ትንፋሼን ያዝኩ። አራቱም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ወዳጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ ፈርቻለሁ፣ ግን የሚጠብቀኝ ነገር እንዲህ ታግሦ ሲጠብቀኝ አይቼ አላውቅም። ጆሮዬ እስኪጮህ ያዝኩት፣ በመጨረሻ አቃተኝና ለቀቅኩት፣ ዘጉ።

«አንቱ» አለች አስካለ ከኋላዬ፣ ድምጿ ጠርቷል። «ራበኝ።»

አጥሚቱን አሙቄ አጎረስኳት፣ ጣሳውን ጨረሰች፣ ሌላ ጠየቀች፣ እሱንም ጨረሰች። ደስታዬን ግን አልጨረስኩትም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳጎርሳት ዓሦቹ ወደኛ ዞረው ነበርና የሚያዩት እኔን ይሁን እሷን መለየት አልቻልኩም፣ በመጨረሻው ማንኪያ ዘልዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ፣ እስኪዞሩ ድረስ ቆምኩ። ዞሩ፣ ግን ዘገዩብኝ።

ሌሊቱን ከአልጋዋ ርቄ በሩ ሥር ተጋደምኩ፣ ዘይቱ አልቆ ኩራዙ ጠፍቷል፣ በጨለማው ወዴት እንደሚያዩ አላየሁም፣ የሰማሁት የአስካለን ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ረዥምና ደህና ትንፋሽ። ብዙ ሰው ዓሣ ሞኝ ነው፣ የራበው ዓሣ ሰው ያያል ይለኛል፣ ደምሴም ኋላ ብነግረው አባባ እንቅልፍ አጥተው ነው አለኝ፣ ይሁን፣ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ይህንኑ ነበር የምለው።

በማግስቱ ጉሙ ሳይለቅ ተነሣሁ። አስካለ ተኝታለች፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ሦስቱ ወደ በሩ እያዩ ነው፣ ጥቁሯ ግን ግማሽ ዞራለች፣ አንዱ ዓይኗ ወደኔ፣ አንዱ ወደ አልጋው። አተሩን አልቀቀልኩም፣ ውኃም አልቀዳሁም። ዱካዬን አንሥቼ ከአልጋው በራቀው ጎን ወሰድኩት፣ አፍንጫዬ መስተዋቱን እስኪነካ አስጠግቼ ተቀመጥኩ፣ ጥቁሯ ተመልሳ እስክትዞር ጠበቅኳት፣ ከዚያ ቆጠራቸውን ቶሎ እንዳይጨርሱ ቀስ እያልኩ፣ ረዥም ረዥም አድርጌ መተንፈስ ጀመርኩ።