ያልገባው መመለሻ

«መመለሻው ገብቷል?» አለ አባቷ።

«ገብቷል አባዬ።»

አልገባም ነበር። ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸችው! ያውም አጠገቡ ተቀምጣ፣ ክርናቸው እየተነካካ፣ ስክሪኑ ፊቱ ላይ ቦግ ብሎ እያለ። ግን እሱ ስክሪኑን የሚያየው እንደ ነጭ ጭጋግ ነው። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ፣ በቃ ጭጋግ። ይሄን ደግሞ ከእነሱ ቤት ውጭ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

አባቷ የክሊኒኩ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃ ስር ባለችው ጠባብ ክፍል ይቀመጣሉ፤ እሱ በአፉ ይናገራል፣ እሷ በጣቷ ትጽፋለች። ኮቴ ስትሰማ ቶሎ ብላ የሒሳብ ደብተሯን ትከፍታለች። የነርሶቹ አለቃ ሲስተር እንኳ በሩን ገፋ አድርገው «አይ አንቺ ጎበዝ! ዛሬም ጥናት?» ብለው ነው የሚያልፉት። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስትበላም ስትሄድም ስታወራም ስለምትቸኩል አባቷ «ጥድፊያዬ» ነው የሚላት።

የዛን ቀን ሥራው የአሥራ ሁለት ኮምፒውተሮችን የኔትወርክ አድራሻ መቀየር ነበር። ክሊኒኩ አዲስ ራውተር ስላስገባ ሁሉም አዲስ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ታዲያ ክፍል ለክፍል መዞር የለም፤ አባቷ «ገጣጣሚው» የሚለው ፕሮግራም አለ። ምን ልበላችሁ፣ እንዴት እንደሚያምር! ሁሉም ነገር ቁርጥራጭ ነው፣ ሞጁል ይሉታል። አንዱ ሞጁል አድራሻ ይሰጣል፣ አንዱ መውጫ መንገዱን ያሳያል፣ እናንተ የምትፈልጉትን ደርድራችሁ መልቀቅ ብቻ። መጨረሻ ላይ የሚቆመው መመለሻው ነው። ኮምፒውተሩን በአዲሱ አድራሻው ይጠራዋል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «አቤት» ካላለ የድሮውን አድራሻ ይመልስለታል። ማንም ሰው ሲሳሳት የሚያተርፈው እሱ ነው።

ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ! ስልኳ ደግሞ ጭኗ ላይ አላርፍ ብሏል። ጓደኛዋ ድምቡሼ ናት፤ ልደቷ ነው። «የት ነሽ??? ኬኩ ሊቆረስ ነው! ካልመጣሽ ፎቶው ላይ የለሽም፣ በቃ አለቀ!»

አራቱን ጠብቃ ጨረሰች። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ መመለሻውን ከሰልፉ አወጣችው። አባቷ የጠየቃት ያኔ ነው። ያለ መመለሻው ገጣጣሚው አይጠብቅም፣ አይፈትሽም፤ «ተፈጽሟል» ብሎ ያልፋል። የቀሩት እንደ ውሃ ፈሰሱ።

«ዛሬስ ፈጠነ» አለ አባቷ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። «ሁሉም አቤት አሉ?»

«ሁሉም!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን ብቻ።»

«ኧረ አባዬ፣ ሼም ነው! አታምነኝም እንዴ?»

«ካንቺ ሌላ ማንን ላምን?» ብሎ ሳቀ።

እሷም በረረች። ኬኩ ሳይቆረስ ደረሰች። ፎቶው ላይም አለች፣ አፍንጫዋ ላይ ክሬም ተቀብታ፣ ጥርስ በጥርስ ሆና።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሲስተር ፊት ለፊቱ ናቸው፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው።

«የላብራቶሪው ኮምፒውተር ነው» ይላሉ። «ከዋናው ቢሮ የመጣው ባለሙያ ዛሬ ጠዋት አየው። አድራሻው ሃምሳ ሁለት መሆን ሲገባው ተገለባብጦ ሃያ አምስት ተብሏል። ሃያ አምስት ደግሞ የፕሪንተሩ ነው። ቅዳሜ ላብራቶሪ የበሽተኛውን ውጤት ልኬያለሁ ይላል፣ ድንገተኛ ክፍል አልደረሰኝም ይላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ! በመጨረሻ ዶክተሩ ራሱ ሮጦ ሄዶ በወረቀት አመጣው።»

«የማን ውጤት ነበር?» አለ አባቷ።

«የልብስ ሰፊው። እዚህ መታጠፊያው ላይ ያሉት። እሁድ ጠዋት አረፉ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ቶሎ ቢደርስ ይተርፉ ነበር ወይ ብትለኝ አላውቅም» አሉ ሲስተር። «ዶክተሩም አያውቅም። አንተ መጠየቅህ ግን አይቀርም። ባለሙያው መመለሻ የምትሉት ነገር ከአምስተኛው ጀምሮ የለም ነው የሚለው። እስከ ነገ ጠዋት በጽሑፍ አስረዳ ተብለሃል። አይዞህ አልልህም፤ ከባድ ነው።»

የለበሰችውን ዩኒፎርም የሰፉላት እሳቸው ናቸው። ትምህርት ሲከፈት ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ጠርዙን በስፒል እየያዙ፣ «አትወዛወዢ እንጂ አንቺ ልጅ! የምሰፋው ቀሚስ ነው ወይስ ባንዲራ?» ብለዋት በሳቅ ሞታ ነበር። አሁን ጠርዙ ጉልበቷን የሚያቃጥላት መሰላት።

ሲስተር ሲወጡ አባቷ አልተነሳም።

«ጥድፊያዬ።»

«አቤት።»

«ስለ መመለሻው ጠይቄሽ ነበር፣ አይደል? አምስተኛው ላይ። የጠየቅኩሽ ይመስለኛል።»

አሁን ተናገሪ፣ አለች በሆዷ። አሁን!

«አላስታውስም አባዬ።»

«እንግዲያው አልጠየቅኩሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ብጠይቅሽማ ትነግሪኝ ነበር።» መዳፉን ግንባሩ ላይ ጫነ። «ዓይኔ ሲሄድ ጭንቅላት አለኝ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለካ እሱም ሄዷል።»

ወይኔ! በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር። ክፍሏ ገብታ አልጋው ላይ ተደፋች፣ ተነሳች፣ ቁጭ አለች። ድምቡሼ የልደቱን ፎቶ ልካላት ነበር። አጠፋችው። ፎቶ ቢጠፋ ምን ሊሆን!

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አባቷ ጠራት።

«ኮምፒውተሩን ክፈቺና ጻፊልኝ። ‹ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህን ከመሥሪያ ቤቱ ደብቄያለሁ። ቅዳሜ ዕለት መመለሻውን ማስገባት የረሳሁት እኔ ነኝ።› ነጥብ። ሌላ የለም።»

«አባዬ፣ ያባርሩሃል እኮ!»

«ያባርሩኝ። ሰው ሞቶ እኔ ስለ ወንበር ላውራ?»

«እኔስ? ስጽፍ የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ደብተርሽን ስታነቢ ነበር። ማን አየሽ? ጻፊ አሁን።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አላየም። እንዳለው ብትጽፍለት ሲስተር ያምናሉ፣ ክሊኒኩ ያምናል። የሚከፋው ግን እሱ ራሱ ማመኑ ነው። ከእንግዲህ በሩን ቆልፎ ሲወጣ አልቆለፍኩም ብሎ ይመለሳል፤ ስልክ ቁጥር በቃሉ ሲል ይጠራጠራል፤ ደርሶ በገዛ ጭንቅላቱ ላይ እምነት ያጣል። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፈች። እነሱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ላይ ጣቶቿ ቆሙ።

«ምነው?»

«ምንም።»

መጻፍ ጀመረች። አባቷ ጆሮውን ጣለ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የኪቦርድ ድምፅ ይቆጥራል።

«የኔ እኮ አጭር ነበር» አለ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

ጻፈች። አንድ ቃል ጠፋባት፣ ሰርዛ እንደገና ጻፈች።

«አንቺ ልጅ?»

«ቆይ አባዬ፣ አልጨረስኩም።»

ጨረሰች። አባቷ እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳበሰና ትከሻዋን አገኘው።

«እሺ። አንብቢልኝ።»

የእሱን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነበበች። ከዚያ ወደ ራሷ ጽሑፍ አለፈች።

«‹አባቴ ምንም አልረሳም›» ብላ አነበበች።

ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ደረቀ። አላነሳውም፣ አልጫነውም። እሷም ቀና ብላ ፊቱን ሳታይ የሚቀጥለውን መስመር ማንበብ ጀመረች።