የቢቲካ ጣቶች

«አየሽኝ እንዴ?» አለች ቢቲካ።

ናሂዳ አይታታለች። ኮምፕሬሰሩን አጥፍተው ጭንብላቸውን ማውለቃቸው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአየር ግፊት ጠጠር ሲተኩሱበት የቆየው የጀልባ መሪ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባውን የሚያዞረው ሰፊ ብረት፣ ዝገቱ ተልጦ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ቢቲካ ያኔ ጓንቷን አውልቃ፣ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ ግንባሯን ነክታ ነበር። አባቷ የሩፕሻ ወንዝ ጀልባ ነጂ ነው፤ ጀልባውን እንዲህ ሳይሳለም አንድም ቀን አይሳፈርም። እጇ ሳያማክራት ነው የሄደው።

በጠጠር የተፋቀ ብረት ግን እርቃኑን ነው። የእጅ ላብ ካረፈበት ቀለሙ ከላይ ቢያምርም ከሥር ይዝጋል። ይህን ዓመቱን ሙሉ ተምረውታል።

«በጨርቅ ልጥረገው?» አለች ቢቲካ።

«ጨርቅ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም። ታጥቦ እንደገና መፋቅ አለበት።»

«በምን ጊዜ? ሰማዩን አታዪም?»

ደመናው ከወንዙ ማዶ ጠቁሮ እየመጣ ነው። ይህ የማጠናቀቂያ ፈተናቸው ነው፤ ዝናቡ ቀለም ሳይቀቡ ከደረሰ ብረቱ ይዝጋል፣ እነሱም ይወድቃሉ፤ ወንዙ ዳር ያለው የመርከብ ማደሻ ደግሞ የሚቀጥረው ዛሬ ያለፉትን ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ሊገቡ የተማማሉት አምና ነው።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች ቢቲካ። «መሪ በአምስት ጣት አይሰበርም።»

እውነቷን ነው፣ አይሰበርም። ናሂዳን ያናደዳትም ይኸው ነው። ቀለሙ ግን ዓመት ሳይሞላ ያብጣል፤ ያኔ ሰው የሞላ ጀልባ በዚህ መሪ እየሄደ ይሆናል።

ፈታኛቸው መምህር ሙስታኪም ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። ብረቱን ከላይ እስከ ታች አበሩበት፤ ጎንበስ ብለው ጠርዙን አዩ። ላብ በዓይን አይታይም።

«ጎበዞች። በባዶ እጁ የነካው አለ?»

«ኧረ የለም፣ መምህር» አለች ቢቲካ ቶሎ ብላ።

«አንቺስ ናሂዳ?»

ቢቲካ የናሂዳን ጫማ ረገጠች። መምህሩ እስክሪብቷቸውን አውጥተው የማለፊያ ወረቀታቸው ላይ ሊፈርሙ አጎነበሱ። ናሂዳ ፈራች። ከተናገረች ዓመቱን ሙሉ ከጎኗ የሠራችውን ጓደኛዋን ልታጣ ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ ላቡ ላይ ቀለሙን ራሷ ልትቀባው ነው።

«መምህር፣ ጠመኔ ይኖርዎታል?»

ቀና ብለው አዩዋት፤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ናሂዳ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከመሪው መሃል መዳፍ የሚያህል ቦታ በጠመኔው ከበበች። ቢቲካ አንገቷን ደፋች።

«ማን ነው የነካው?» አሉ መምህሩ።

«እኛ» አለች ናሂዳ፣ ማጠቢያ ውሃ ልታመጣ ባልዲውን እያነሳች።