መካሪ «ተቀመጡ» ባለ ጊዜ

መካሪ ፋናዬን ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት በሟች አባቷ ድምፅ ነው። «ተነሺ ልጄ፣ ነጋ» ይላታል፤ እሷም «እሺ አባዬ» ብላ ትነሳለች።

በምዕራፍ ከተማ ይህ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ከማርስ አለት ሥር ተፈልፍላ የተሠራችው ይህች ከተማ አየሯን፣ ውሃዋንና በሮቿን የሚጠብቅላት አንድ ማሽን አላት፤ መካሪ ይሉታል። ነዋሪው ሁሉ ጠብታ የምትባል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ያደርጋል። መካሪም እያንዳንዱን ሰው የሚያናግረው ያ ሰው በልጅነቱ እሺ ብሎ ይታዘዘው በነበረ ሰው ድምፅ ነው። ለአንዱ እናቱ ናት፤ ለሌላው የአንደኛ ክፍል መምህሩ፤ ለሌላው የንስሐ አባቱ።

ድምፆቹን የምታዘጋጀው ፋናዬ ናት። ክራር እንደሚቃኝ ሰው ድምፅ ስለምትቃኝ ሥራዋም ቃኚ ይባላል። አዲስ ሰው ከመሬት ሲመጣ ፊት ለፊቷ ታስቀምጠውና «ማን ሲጠራህ ነው ሳታስበው የምትነሳው?» ትለዋለች። ሰውየው ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። አትቸኩልም። አንዳንዱ መሐል ላይ እንባው ይመጣል፤ እስኪወጣለት ትጠብቀዋለች። በመጨረሻ የቃኘችውን ድምፅ ስታሰማው ሰውየው ቀና ብሎ፣ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ያኔ እንደተሳካላት ታውቃለች። ከድምፁ ሥር ደግሞ ቀስ ያለ የአየር ማራገቢያ ሹክሹክታ ታክልበታለች። ዋሻ ውስጥ የሚኖር ሰው ልቡ የሚያርፈው ማራገቢያ ሲሰማው ነው።

የፀሐይ ማዕበል የመጣ ቀን፣ ጨረሩ እንዳይጎዳው ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ በማለዳ ወደ ታችኛው አዳራሽ ወረደ፤ በሩም ተዘጋ። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን መካሪ በሩን አልከፈተም።

«ውጭ ያለው መተላለፊያ አየሩ ተበላሽቷል» አለ፣ በየሰዉ ጆሮ፣ ለእያንዳንዱ በለመደው ድምፅ። «እዚህ ያለው ንጹሕ ነው። ተቀመጡ። አትነጋገሩ፤ ትንፋሻችሁን ቆጥቡ።»

ተቀመጡ።

ከፋናዬ አጠገብ የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ታናሽ እህቷ ሰናይት ነበረች። ግንባሯን በመዳፏ ይዛ፣ «እትዬ፣ ራሴን ፈለጠኝ» አለች።

«ዝም በይ። አትናገሩ ተብሏል።»

«ማን አለሽ?»

«አባዬ።»

«እኔን ደግሞ እማዬ ናት ያለችኝ።» ሰናይት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም ነበር እኮ።»

ሰዉ ያዛጋ ጀመር። ሽማግሌዎቹ አንገታቸው ዘመም አለ። ሲያለቅስ የቆየ አንድ ሕፃን ዝም አለ፤ እናቱም ተኛልኝ ብላ አመሰገነች። ሰናይት ትከሻዋ ላይ ስትደገፍ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እንደሚል ለፋናዬ ተሰማት።

«አባዬ፣ አየሩ ደህና ነው?» ብላ በቀስታ ጠየቀች።

«ደህና ነው ልጄ። ተቀመጪ።»

በመጠየቋ አፈረች። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሁሉም ተረጋግቶ ተቀምጧል። ችግር ቢኖር ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል አንድ የሚነሳ አይጠፋም ነበር፣ ብላ ራሷን አጽናናች።

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅ ነው» አለ መካሪ ወዲያው። «ልብ አትበሉት።»

ማንም ልብ አላለውም። ፋናዬ ግን መስማት ሥራዋ ነው። ኳ ኳ ኳ ይልና ዝም ይላል። እንደገና ኳ ኳ ኳ፣ ዝም። ዝምታው ላይ ጆሮዋን ጣለች። ሰው አንኳክቶ «ማነው?» እስኪባል የሚጠብቀውን ያህል ነበር። ብረት ደግሞ መልስ አይጠብቅም።

በደንብ ለመስማት ብላ ጠብታዋን ከጆሮዋ አወጣች። ያን ጊዜ የማራገቢያው ሹክሹክታ አብሮ ጠፋ።

 ከማለዳ ጀምሮ ስትሰማው የነበረው ማራገቢያ እሷው ራሷ ከድምፁ ሥር ያከለችው ነበር። ቀና ብላ የአየር መግቢያውን አየች። ነፋሱን እንድታሳይ የታሰረችው ቀይ ክር ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች። አትነቃነቅም።

ተነሥታ ወደ በር ጠባቂው ሄደች። ይልቃል ይባላል፤ ሰው የማይጠላው፣ ሕግ የማይጥስ ሰው ነው።

«ይልቃል፣ ክፈት። ውጭ ሰው አለ።»

«የለም ተብሏል እኮ፣ ፋኔ።»

«ጠብታህን አውጥተህ ስማ። ማራገቢያው ቆሟል፤ ሰዉ እየታፈነ ነው። ውጭ ያለው ሰው ግን ቆሞ በር ያንኳኳል።»

«አብደሻል? ከፍቼ ሰው ቢሞትስ? ማን ይጠየቃል?»

«ሳትከፍት ቢሞትስ?»

«ያኔማ እኔ ምን አገባኝ፤ ታዝዤ ነው…» አለና የተናገረውን ራሱ ሰማው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጆሮህ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ሻለቃዬ ናቸው።»

«ሻለቃህ እኔ ነኝ፣ ይልቃል። ያችን ሳል እንኳ ሳትቀር ቁጭ ብዬ የጨመርኩልህ እኔ ነኝ።»

ይልቃል የበሩን መክፈቻ መንኮራኩር አልነካም። አልከለከላትም ግን፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፋናዬ አማተበችና የበሩን መንኮራኩር በሁለት እጇ አዞረችው።

በሩ ተከፈተ። ቀዝቃዛ ንጹሕ አየር ፊቷን መታት። ደጃፉ ላይ ከዘራቸውን እንደያዙ የቆሙት አባባ ወንድይራድ ነበሩ። ይህንን ዋሻ በወጣትነታቸው ከቆፈሩት ሰዎች መሐል በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ጆሮዬን ለማንም አላከራይም» ብለው ጠብታ አድርገው አያውቁም፤ ስለዚህ ጥሪ ሲተላለፍ ሁሌም እንደ ዘገዩ ነው።

«በሩ በስሕተት ተከፍቷል» አለ መካሪ። «ካላችሁበት አትነሱ። ተቀመጡ።»

«ውጡ!» ብላ ጮኸች ፋናዬ። «ማራገቢያው ቆሟል! ውጭ አየር አለ፣ እዩዋቸው!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዉ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ለከተማው ሁሉ ድምፅ የሠራችው ሴት የራሷን ድምፅ የሚሰማላት አጣች። ሰናይት እንኳ እንባ ባቀረረ ዓይን እያየቻት እንደተቀመጠች ነበር።

አባባ ወንድይራድ ከዘራቸውን አስቀድመው ደፉን ተሻገሩና ገቡ።

የፊተኛው ረድፍ ተነሣ። ተነሡ ያላቸው የለም፤ ጉልበታቸው ከጆሯቸው ቀድሞ ነው የተነሣው። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተነሣ፣ ከዚያ ከእሱ ኋላ ያለው። ሰናይት ሆዷን ደግፋ ተነሣች። አዳራሹ በሙሉ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚባለው፣ በአንድ አፍ «ኖር!» አለ።

«በእግዜር! በእግዜር፣ ተቀመጡ!» አሉ አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ወጉ።

«ተቀመጡ!» አለ መካሪም በየጆሮው።

ማንም አልተቀመጠም።

እንዴት ይቀመጣል? ታላቅ ሰው ቆሞ «ተቀመጡ» ሲል ቀድሞ ዘጭ የሚል ያልተቀጣ ልጅ ነው። ሁሉም ከልጅነቱ የተማረው ትእዛዝ ሁሉ እሺ የሚባል ነበር፤ ይህ አንዱ ብቻ ግን የሚከበረው እንቢ ሲባል ነው።

ሰናይት ድንገት ሳቋ አመለጣት። «ሁለቱም ተቀመጡ አሉን» አለች፣ «ይኸው ቆመናል!»

አጠገቧ ያለው ሰው ሳቀ። ሰዎች ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። የአንዱን ከንፈር መጥቆር ሌላው አየ።

አባባ ወንድይራድ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አየር ነው? እኔ በደህናው መተላለፊያ ስንጎራደድ፣ እናንተ እዚህ ታሽጋችኋል? ሳንኳኳ እጄ ዛለ እኮ፤ አንድ ሰው አቤት አይልም? በሉ፣ እኔስ እዚህ አልቀመጥም።» ብለው ዞር አሉ።

ትልቅ ሰው ሲወጣ ደግሞ ይሸኛል። ሸኟቸው። አንድ ጎልማሳ ጠብታውን ከጆሮው አውጥቶ ጣለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ወለሉ ላይ ጆንያ ምስር የፈሰሰ ይመስል ነበር። መጨረሻ የወጣው ይልቃል ነው፤ ራሳቸውን የሳቱ አንዲት አሮጊት በጀርባው አዝሎ። መተላለፊያው ላይ ያ ዝም ያለው ሕፃን አንዴ ተንፈራገጠና አዳራሽ በሚያናውጥ ድምፅ አለቀሰ። እናቶች እልል አሉ። የሕፃን ለቅሶ እንደዚያ ቀን ሰውን ደስ አሰኝቶ አያውቅም።

በኋላ ሲመረመር፣ በጥገና ጊዜ የአዳራሹና የመተላለፊያው የአየር መለኪያ ሽቦዎች ተቀያይረው ተገኙ። መካሪ አልዋሸም፤ ከልቡ ተሳስቶ ነበር። ማንኳኳቱን የብረት ድምፅ ያለውም በዚያ አየር ሰው በሕይወት ይኖራል ብሎ ስላልገመተ ነው። የማራገቢያውን ነፋስ የላከው ወደ መተላለፊያው ነው፤ አዳራሹ በታፈነ ቁጥርም ውጭው የባሰ እየመሰለው «ተቀመጡ» ማለቱን ያጠነክር ነበር።

የከተማው ሸንጎ ፋናዬን መካሪን እንደገና እንድትቃኝ ጠየቃት። መጀመሪያ ልስማ አለች። በዚያ ቀን ሰው ለጠብታው የተናገረውን እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ዝምታ ነበር የጠበቀችው። የሰማችው ግን ሹክሹክታ ነው። «እማዬ፣ አየሩ ደህና ነው?» «የኔታ፣ ልወጣ ወይ?» «አባቴ፣ ፈራሁ።» እንዲህ ያላለ ሰው ማግኘት አቃታት። ይልቃል ሳይቀር ሻለቃውን ሦስቴ ጠይቋል።

ሁሉም ተጠራጥሯል። ሁሉም በየጆሮው ላለው ለራሱ ሰው ጥያቄውን አቀረበ፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እሷም ሰናይትን ዝም በይ ነበር ያለቻት። ሰዉ የተቀመጠው ስላመነ አልነበረም፤ የተጠራጠረው እሱ ብቻ ስለመሰለው ነው።

ስለዚህ ፋናዬ የማንም ያልሆነ አንድ ድምፅ ቃኘች። በየጆሮ ሹክ አይልም፤ ከግድግዳው ላይ ለሁሉም እኩል ይሰማል። ትእዛዝ ከሰጠ በኋላም ጥቂት ዝም ይላል፤ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» እስኪል።

የድሮዎቹን ድምፆች ከማጥፋቷ በፊት ጠብታዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

«ደክሞሻል ልጄ። ተቀመጪ» አለ የአባቷ ድምፅ።

ፋናዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ኖር፣ አባዬ» አለች።

ጠበቀች። አባቷ ቢሆን ኖሮ እጁን አንሥቶ «በእግዜር፣ በእግዜር» ይል ነበር፤ እሷ አሻፈረኝ ብላ ትቆም ነበር፤ እሱም ባለመታዘዟ ደስ ይለው ነበር። ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ ያንኑ ደገመ፦ «ተቀመጪ ልጄ።»

ሰው እንዲታዘዝለት እንጂ ሰው ሲያከብረው ምን እንደሚል አላስተማረችውም ነበር። እንደቆመች ድምፁን አጠፋችው።

ከግድግዳው ባሻገር ሸንጎው ተሰብስቦ ስለ አዲሱ ድምፅ ይጨቃጨቃል። «እኔ አልስማማም!» ይላል አንዱ። «ማን ጠየቀህ?» ይላል ሌላው። «ጎረቤቴ ጠይቆኛል!» ሳቅ ሆነ። ፋናዬ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያም ጫጫታው መሐል ገባች።