ያልተማረችው ቃል

ቆቦ ከተማ፣ ከገበያው ማዶ፣ ከሐጂ በድረዲን ወፍጮ ቤት ጎን አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። በውስጧ አራት ነፍስ ይኖር ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ አስር አለቃ ይርጋ፣ ሚስቱ የሺ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው አስረሳሽ እና ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ጋሹ። የልጅቷን ስም ያወጣችው እናቷ ናት። የበኩር ልጇ በኩፍኝ ሞቶባት ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ የከረመችው የሺ፣ ይህችን ሕፃን በታቀፈች ዕለት፣ “ሐዘኔን አስረሳሽኝ” ብላ ስቃ ነበር። ስሙም በዚያው ጸና። ምስኪን እናት! ያን ዕለት የሳቀችው ሳቅ አንድ ቀን ተቆጥሮ እንደምትጠየቅበት ማን በነገራት?

የስልሳ አምስቱ ዝናብ ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ አገዳው ላይ ደረቀ፤ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ፤ ከራያ ቆላ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በስልሳ ስድስት ጥቅምት ወፍጮው ዝም አለ። የሚፈጭ እህል ከየት ይመጣል? የሚፈጭ ከሌለስ ዘበኛው ምን ይጠብቃል? ይርጋ ግን በየማለዳው ካፖርቱን ለብሶ፣ በጦርነት የቆሰለች እግሩን እየጎተተ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ኩሩ ሰው ነው። ጦሙን ያደረ ሰው ነው ተብሎ ከሚታወቅ ቢሞት ይመርጣል።

በኅዳር ከወልዲያ በኩል ወሬ መጣ። ቻይናዎች መንገድ ሊቀይሱ ነው፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ ይሆናል፤ ደመወዙ በየወሩ አንድ ኬሻ ሩዝ ነው ተባለ። አንድ ኬሻ ሩዝ! አንድ ቤተሰብ ከነጎረቤቱ ከሞት የሚያተርፍ ነገር! ይርጋ ደግሞ ቻይንኛ ያውቃል። ኮሪያ ዘምቶ እግሩን ሲመታ፣ እስኪድን ሊ የሚባል ቻይናዊ ቁስለኛ ምርኮኛ እንዲጠብቅ ተመድቦ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ቋንቋውንም ወጉንም ከእሱ ተማረ። የሰፈሩ ሰው ይህን ያውቃልና ተሰብስቦ መጣ። “አስተምረን” አሉት። ሐጂ በድረዲን የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ሰጡ፤ ቅዳሜና እሑድ የቻይንኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ሆኖ ሠላሳ ሰው በቆመው ወፍጮ ዙሪያ መሬት ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳው የዓመታት የዱቄት ብናኝ ለብሶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ንጹሕ ሆነ። ተማሪዎቹ ትምህርቱን እየደገሙ በጣታቸው እየጠረጉ ልሰውት ነበር። ይርጋ አይቶ እንዳላየ አለፈው።

“ቻይና ሲገናኝ እንደ እኛ እንዴት ዋልክ አይልም” ብሎ አስተማራቸው። “‘ችለ ማ?’ ነው የሚለው። በላህ ወይ? ማለት ነው። መልሱ ‘ችለ’ ነው፤ በልቻለሁ። ሰላምታ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ትመልሳላችሁ።”

ሠላሳ የተራበ ሰው በአንድ ድምፅ፣ “ችለ!” አለ። ጋሹን አዝላ በር ላይ የቆመችው የሺ፣ “እሱንስ ችለናል፤ እስከ መቼ እንደምንችለው ንገረን እንጂ!” ብትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ ገና ለሳቅ የሚሆን አቅም ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ዚነት ነበረች፤ ባሏን መንገድ ላይ የቀበረች የሮቢት ሴት ናት። ሳቁ ሲበርድ እጇን አወጣች።

“አስር አለቃ፣ ያልበላ ሰውስ ምን ይላል? በአላህ፣ እሱንም ያስተምሩን።”

የይርጋ ፊት ተለዋወጠ። “እኔ ልመና አላስተምርም!” ብሎ ጮኸ። “ለማኝን ማን አስተርጓሚ ያደርገዋል?” ከፊት የተቀመጠችው አስረሳሽ አባቷን ቀና ብላ አይታ፣ ዓይኗን ሰበረች።

ቃሉን አጥቶት ነውን? አይደለም! አሳምሮ ያውቀዋል። “ሜይ ች” ነው። አልበላሁም። ሊ በመጀመሪያው ቀን፣ በዚያ ብርድ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ያለው ይህንኑ ነበር፤ ይርጋም ዳቦውን ገምሶ ሰጠው። ወዳጅነታቸው የጀመረው በዚህች ቃል ነው። ታዲያ ለገዛ ወገኑ ምነው ነፈጋት? አይ ኩራት... ስንቱን ቤት አፈረስክ! እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ይርጋን ልቆጣው እልና መልሼ አዝንለታለሁ።

ሠላሳው ሃያ፣ ሃያው ሰባት ሆነ። ገሚሱ ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ገሚሱ አፈር ገባ። “የለም” የሚለው መልስ ሲበዛ ይርጋ ስም መጥራቱን ተወ። አስረሳሽ ግን አንድ ቀን አልቀረችም። ቤት ውስጥ አንዲት እፍኝ ንፍሮ ስትገኝ ድርሻዋን ወደ ጋሹ ትገፋለች። “ዚነት ቤት ቀምሻለሁ” ትላለች። እናቷ ውሸቷን ታውቃለች፤ ግን ጋሹ እያለቀሰ ምን ትበል? እያወቁ ዝም ማለት እንዴት ያለ ሰቆቃ ነው!

በየካቲት ቻይናዎቹ መጥተው ሮቢት ዳር ድንኳን ተከሉ። ይርጋ ይህን ቀን ስንት ወር ጠበቀ! በዚያው ሳምንት ግን ተስቦ ጣለው። ቅዳሜ ማለዳ መነሳት ቢያቅተው፣ አስረሳሽን ጠርቶ እጇን ያዘ።

“እንግዲህ አንቺ ነሽ። ቀጥ በይ። እጅሽን እንዳትዘረጊ፤ ከዘረጋሽ እንደ ለማኝ ያዩሻል፣ ሥራውም ይቀራል።”

“እሺ አባዬ።”

የሺ በቆርቆሮው ጥግ የቀረችውን ቫዝሊን ጠርጋ የልጇን ፊት ቀባች። አጥንቷ እንዳይታይ፣ ታማለች ብለው እንዳይመልሷት፣ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ጠቀለለችላት። ልጅቷ እውነትም ወፍራም መሰለች። ከዚነት ጋር ወጡ። ሦስት ሰዓት የማይሞላው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀባቸው።

ድንኳኑ ደጅ ሕዝቡ ተኮልኩሏል። ትልቅ ብረት ድስት ላይ ሩዝ ይንተከተካል። አስረሳሽ ሰዉን አልፋ ጸጉሩ የሸበተ መሐንዲስ ፊት ቆመችና፣ “ኒ ሃው” ብላ በቻይንኛ ሰላምታ ሰጠች። ሰውዬው የያዘው ኩባያ ሊወድቅበት ነበር! ቀረብ ብሎ ፊቷን አየና፣ “ችለ ማ?” አላት። የሩዙ እንፋሎት አፍንጫዋ ሥር ነው። አባቷ ትዝ አላት።

“ችለ” አለች።

ሰውዬው ወደ ድስቱ እያመለከተ ደግሞ ጠየቃት። “ችለ ማ?” እየፈተነኝ ነው አለች በልቧ። ይህን ካለፍኩ ጋሹ ይተርፋል፣ አባዬ ይተርፋል...

“ችለ። ሼ ሼ” ብላ አመሰገነች።

መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ ሰጣት። በሁለት እጇ ተቀበለች። የሀገር ሰው የሆነው፣ በምልክት የሚያግባባው ሾፌራቸውም፣ “አስተርጓሚ ሆነሻል፤ የዛሬ ሳምንት ቤታችሁ መጥተን እንወስድሻለን፤ ሩዙም ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ የሚያስፈልግሽ አለ?” አላት። ድስቱን አየች። “የለም፣ ተመስገን” አለች። ቻይንኛው የጠፋባት ዚነት ግን አፏን በጣቷ አሳይታ የተሰጣትን ሁለት እፍኝ ጥሬ ሩዝ በሻሿ ጫፍ ቋጠረች።

ሲመለሱ ዚነት፣ “እንኪ፣ ጥሬውንም ቢሆን ቆርጥሚ” ብትላት፣ “ለጋሹ ይሁን። እኔ ቅዳሜ ኬሻ ሙሉ አለኝ” አለች። ከተማው ሲታያቸው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተቀመጠች። መነሳት አቃታት። ዚነት፣ “አብሽሪ የኔ እናት፣ ደርሰናል እኮ” እያለች አዘለቻት። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ከአንድ እስር ጭራሮ በላይ አልከበደችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረሱ።

“ቀጠሩሽ?” አለ ይርጋ ከተኛበት።

“ቀጠሩኝ አባዬ። ምንም አልለመንኩም።”

የሺ ሩዙን ቀቅላ ውሃውን በልጇ ከንፈር ላይ ብታንጠባጥብ አልወርድ አላት። እሑድ ጠዋት፣ ትምህርት በሚጀመርበት ሰዓት፣ አስረሳሽ ዓይኗን ገለጠች። “አባዬ... ያልበላ ሰው ምን ይላል? ለሌሎቹ እንዳስተምራቸው...” ይርጋ ግን፣ “ስትነሺ እነግርሻለሁ” አላት። አልተነሳችም። እርሳሱን ከጣቶቿ መሃል ያወጣችው እናቷ ናት።

በቀጠሮው ቅዳሜ ላንድሮቨሩ መጣ። መሐንዲሱ ኬሻውን አስወርዶ ልጅቷን በዓይኑ ፈለገ። ደጁ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ዚነት አንገቷን ደፍታለች፤ አንድ አጥንቱ የቀረ ሰው በዱላ ተደግፎ ይነሳል። ምኑ ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ችለ ማ?” አለ።

“ሜይ ች...” አለ ይርጋ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልወጣች ቃል ወጣች። “ሜይ ች! ሜይ ች! አልበላችም ነበር! ልጄ አልበላችም ነበር!”

መሐንዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጣቱን ወደ ዓይኑ፣ ከዚያ ወደ አፉ እያመለከተ፣ “ችለ... ችለ...” እያለ የልጅቷን መልስ ይደጋግም ነበር። ሰላምታ አልነበረም፤ ርሃቧን አይቶ ከልቡ ነበር የጠየቃት። ይህን የተረዳው አባቷ ብቻ ነው፤ ተረድቶም በፊቱ ተደፋ።

የሺ ኬሻውን ታቅፋ ቁጭ አለች። “ሐዘኔን አስረሳሽኝ ብዬሽ ነበር እኮ...” አለች። “አንቺንስ ማን ያስረሳኝ?”

ጋሹ በዚያ ሩዝ ተረፈ። ይርጋ ሲሻለው ወፍጮ ቤቱን ከፈተ። ሦስት ተማሪ መጣ። በልጁ እርሳስ፣ በዚያ በተላሰ ግድግዳ ላይ፣ “ሜይ ች፣ አልበላሁም” ብሎ ጻፈና፣ “መጀመሪያ ይህን” አለ። ይህ የማን ፍርድ ነው፣ የእግዚአብሔር ወይስ የሰው? ዕድልን እንውቀስ ወይስ ይሉኝታን? እኔ አላውቅም። የማውቀው፣ ሐዘን ታስረሳ ዘንድ ስም የወጣላት ልጅ እስከ ዛሬ አለመረሳቷን ነው። ሦስቱ ተማሪዎች ቃሉን ሲደግሙ እናቷ በር ላይ ቆማ አብራ ትል ነበር።